ስለ ዳሌ መገጣጠሚያ መበላትና ሕመምተኛው ዐውቆ ስለሚመርጥበት መንገድ

በክረምት ዕረፍት ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን በአንድ ሆስፒታል ለተኙ ሕመምተኞች ደብዳቤ ስንጽፍና ስንላላክ ያየነው ነገር ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት ሆነን። ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ የሆነ አንዲት እናት ቀኝ ዳሌያቸውን ታመው ከገጠር መጥተው ነበር። ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና ለልጃቸው፥ «መገጣጠሚያው አልቋል፤ በሰው ሠራሽ መለወጥ አለበት» አለው። ልጁም እሺ አለ። ወረቀት መጣ፤ እናቲቱም አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ፈረሙ። ሐኪሙ ወደሚቀጥለው አልጋ ካለፈ በኋላ ወደ እኛ ዞር ብለው፥ «ልጆቼ፥ የሚያስገቡልኝ የማን አጥንት ነው? የሞተ ሰው ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

የሰው አጥንት ሳይሆን ብረትና ፕላስቲክ መሆኑን ነገርናቸው። እርሳቸው ግን በዚህ አላበቁም። «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» አሉ፤ «ተንበርክኬ ልሰግድበት እችላለሁ?» አሉ፤ በመጨረሻም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ብተወውስ ይገድለኛል?» አሉ። ለእነዚህ ሦስቱ መልስ አልነበረንም። ወደ ኮሌጃችን ተመልሰን መጻሕፍት ስናገላብጥ ያገኘነው፥ እኒህ ያልተማሩ እናት የጠየቁት ነገር በዚህ በሽታ ሕክምና ላይ ሊቃውንቱ ብዙ የጻፉበት ዋናው ቁም ነገር መሆኑን ነው። ስለዚህ ጽሑፋችንን በጥያቄዎቻቸው መንገድ እንመራዋለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ክብ ሲሆን፥ በዳሌ አጥንት ላይ ባለው ጎድጓዳ ስፍራ ገብቶ ይሽከረከራል። የበግ እግር ከዳሌው ሲገነጠል ያየ ሰው፥ የአጥንቱ ራስ በነጭና በሚያብረቀርቅ ሽፋን የተለበጠ መሆኑን ያውቃል። ሐኪሞች ካርቲሌጅ የሚሉት ይህ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ሲሳሳና ሲላላጥ፥ ከሥሩ ያለው አጥንት ሲጠነክርና በዳርቻው ትርፍ አጥንት ሲያበቅል፥ የመገጣጠሚያውም ከረጢት ሲቆጣ በሽታው ኦስቲዮአርትራይትስ ይባላል። እኛ የመገጣጠሚያ መበላት ብለነዋል፤ ሆኖም ቃሉ በሽታውን በሙሉ እንደማይገልጸው እናውቃለን፤ ምክንያቱም የሚለወጠው ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያው በመላው ነው።

በአገራችን ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በብሽሽት ነው፤ አንዳንድ ጊዜም በጭን በኩል ወርዶ በጉልበት ላይ ብቻ ይሰማል። ሕመምተኛው ግን «ወገቤን»፥ ወይም «ብርድ መታኝ»፥ ወይም በደፈናው «ቁርጥማት» ይላል። ሐኪሙ ሕመምተኛውን በጣቱ እንዲያመለክት ካላደረገው ወገብ ሲመረመር ዳሌ ይታለፋል። ጫማ ማሰርና ካልሲ ማጥለቅ የሚያስቸግረው፥ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ደቂቃዎች ተሳስሮ ቆይቶ የሚፍታታ ሰው ዳሌው ሊመረመር ይገባዋል።

ራጅ ነገሩን ሁሉ ይፈታዋል የሚል አሳብ አለ። ነገር ግን በአሜሪካ በፍራሚንግሃም ከተማ በተደረገውና በ2015 በታተመው ጥናት፥ ራጅ ላይ ተበልተው ከታዩት ዳሌዎች መካከል አዘውትረው የሚያሙት ከአምስት አንድ ገደማ ብቻ ነበሩ። በሌላ በኩል ዳሌያቸውን አዘውትሮ ከሚያማቸው ሰዎች ብዙዎቹ ራጃቸው ይህን በሽታ አላሳየም። ስለዚህ «ራጁ አልቋል ይላል» የሚለው ንግግር ለኦፕራሲዮን በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ኦፕራሲዮን የሚደረግለት ፎቶግራፉ ሳይሆን ሰውየው ነው።

አሁን የመጨረሻውን ጥያቄ አስቀድመን እንመልስ። ብተወውስ ይገድለኛል? አይገድልም። ትርፍ አንጀት ሲቆጣ፥ ወይም ወላድ ደም ሲፈሳት፥ ለምርጫ የሚሆን ጊዜ የለም፤ ሐኪሙ ቶሎ መወሰን አለበት። የዳሌ መበላት ግን በወራትና በዓመታት የሚሄድ በሽታ ነው። ኦፕራሲዮኑ የሚደረገው ሕመምን ለማስታገስና እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ ነው። ሕመሙ እንቅልፍ መንሣቱን፥ ከየትኛው ሥራ እንዳስቀረው የሚያውቀው ሕመምተኛው ራሱ ሲሆን፥ ሐኪሙ ደግሞ የሕክምናውን ጥቅምና ጉዳት ያውቃል። እነዚህ ሁለት ዕውቀቶች ካልተገናኙ ውሳኔው ግማሽ ነው። እርግጥ ዝም ብሎ መጠበቅም ዋጋ አለው። ጡንቻ ይመነምናል፤ በጣም ዘግይቶ፥ መራመድ አቅቶት ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው በኋላም የሚደርስበት ደረጃ ቀደም ብሎ ከተደረገለት ሰው ዝቅ ይላል። ይህም ለሕመምተኛው ሊነገረው ይገባል።

ከኦፕራሲዮን በፊት የሚሞከሩት ነገሮች ብዙዎች ናቸው፤ ከእነርሱም እጅግ የተናቀው ምርኩዝ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ትንሽ እንቆያለን። በአንድ እግር ስንቆም በዳሌያችን ላይ የሚያርፈው ጫና የሰውነታችን ክብደት ብቻ አይደለም፤ ከክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ስድሳ ኪሎ የሚመዝን ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ዳሌው ላይ ከመቶ ኀምሳ እስከ መቶ ሰማንያ ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ምክንያቱ ይህ ነው፤ የሰውነት ክብደት ከመገጣጠሚያው ራቅ ብሎ ወደ መካከል ይጎትታል፤ ሰውነት እንዳይጋደል በዳሌ ጎን ያሉት ጡንቻዎች በሌላው በኩል ይጎትታሉ፤ ነገር ግን እነርሱ የሚጎትቱት ለመገጣጠሚያው በጣም ቀርበው ነው። የገበያ ሚዛን አንዱ ክንድ ቢያጥር በዚያ በኩል ብዙ ክብደት ካልተጨመረ እንደማይስተካከል ሁሉ፥ ጡንቻዎቹም ከክብደቱ በላይ መጎተት ግድ ይሆንባቸዋል። ሁለቱም ጉተታ ተደምሮ ኳሱን ይጫነዋል። ምርኩዝ ከታመመው ዳሌ በተቃራኒው እጅ ሲያዝ ከመገጣጠሚያው በጣም ርቆ ስለሚደግፍ፥ ጥቂት የእጅ ጉልበት ብዙ የጡንቻ ጉተታ ያስቀራል። ቀኝ ዳሌውን የታመመ ሰው ምርኩዙን በግራ እጁ መያዝ አለበት። እኛ በሆስፒታሉ ግቢ ያየናቸው ሰዎች ግን አብዛኞቹ በታመመው በኩል ይዘውት ነበር፤ እናቲቱም እንዲሁ። ይህን ለማረም የሚያስፈልገው አንድ ደቂቃ ነው፤ ማንም አልነገራቸውም።

የሰውነት ክብደት መቀነስ ለምን እንደሚጠቅምም ከዚሁ ሒሳብ ይገኛል። የዳሌና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴም ሕመምን ይቀንሳል፤ ነገር ግን በሳምንት ውስጥ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ይተወዋልና ወራት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይነገረው። የሕመም ማስታገሻ ኪኒኖችን በተመለከተ ፓራሲታሞል ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ጥቅም ትንሽ ነው። እነ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን የተሻለ ያስታግሳሉ፤ ሆኖም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያቆስላሉ፥ ኩላሊትንና ልብን ይጎዳሉ። በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ ለሳምንታት ያህል ያሳርፋል፤ ሆኖም መርፌው ከተሰጠ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ኦፕራሲዮን ማድረግ ቁስሉ የማመርቀዝን አደጋ ስለሚጨምር ቀጠሮው ታስቦበት መያዝ አለበት።

ወጌሻ ለወለምታ የሚያደርገውን እርዳታ አንንቅም። የተበላ ዳሌ ግን ከቦታው የወጣ ዳሌ አይደለም፤ በኃይል ቢጎተት የሚመለስ ነገር የለም። ጠበል የሚሄድ ሰውም ጠበሉን ወይም ሐኪሙን ምረጥ ሲባል ሐኪሙን ትቶ ይሄዳል። ሁለቱን እንደሚያስኬድ ቢነገረው ግን መቼ እንደሚመለስ ቀጠሮ ይዞ ይሄዳል። ይህ የእኛ አስተያየት ነው።

ወደ ኦፕራሲዮኑ እንምጣ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚሠራበት የዳሌ ለውጥ መሠረቱ የተጣለው በእንግሊዝ አገር፥ በላንካሽር፥ ራይቲንግተን በተባለው ሆስፒታል ነው። ዶክቶር ጆን ቻርንሊ ትንሽ የብረት ኳስ በፕላስቲክ ጎድጓዳ ውስጥ እንድትሽከረከር፥ ሁለቱንም የጥርስ ሐኪሞች በሚያውቁት ዓይነት ሲሚንቶ ከአጥንት ጋር እንዲያያዙ አደረጉ። መጀመሪያ የመረጡት ፕላስቲክ ቴፍሎን ነበር። ሕመምተኞቹ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያለ ሕመም ይራመዱ ጀመር፤ ሁሉም ተደሰተ። ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይሞላ ግን ቴፍሎኑ እየተፋቀ አለቀ፤ ብናኙም በአካባቢው ያለውን ሥጋ አስቆጣ። ሦስት መቶ ያህል ሰዎች በዚህ መንገድ ተሠርቶላቸው ነበር፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደ ገና መከፈት አስፈለጋቸው። በ1962 አንድ ነጋዴ የሽመና መኪና ጥርስ የሚሠራበት ጠንካራ ፖሊኢቲሊን ይዞ መጣ፤ ቻርንሊ መጀመሪያ ንቀውት ነበር፤ ረዳታቸው ግን በመሞከሪያው መኪና ላይ አኖረው፥ እርሱም ሳይፋቅ ቆየ። ከዚያ በኋላ ቻርንሊ የሁለቱን ፕላስቲኮች ብናኝ በገዛ ጭናቸው ውስጥ አስገብተው ከወራት በኋላ የቴፍሎኑ ሲያብጥ የሌላው እንዳላበጠ አዩ። በኅዳር 1962 የተጀመረው ይህ አሠራር በብዙ ሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች የተረፈ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። ቴፍሎን የተደረገላቸው ሰዎች በስድስተኛው ወር ቢጠየቁ ሁሉም «ተፈወስኩ» ይሉ ነበር። ስለዚህ «ስንት ዓመት ያገለግለኛል?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በሐኪሙ ተስፋ ሳይሆን በረጅም ዘመን ቆጠራ ነው። ስዊድን በ1979 የተለወጡ ዳሌዎችን ሁሉ በአንድ መዝገብ መመዝገብ ጀመረች፤ እንግሊዝና ዌልስ በ2003 ተከተሉ። በ2010 አንድ ዓይነት ብረት በብረት ላይ የሚሽከረከር ዳሌ ቶሎ እየተበላሸ መሆኑ በእንዲህ ያሉ መዝገቦች ተገልጦ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ከእነዚህ ቆጠራዎች በመነሣት በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጽሑፍ እንደሚለው፥ ከተለወጡ መቶ ዳሌዎች በ15 ዓመት 89፥ በ20 ዓመት 70፥ በ25 ዓመት 58 ያህሉ ሳይቀየሩ ያገለግላሉ።

የሰባ ዓመት ሰው ይህን ሲሰማ ይደሰታል፤ በእርሱ ዕድሜ ሁለተኛ ኦፕራሲዮን የማስፈለጉ ነገር ከመቶ አምስት ያህል ነውና። የአርባ ዓመት ሰው ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ይህ ልዩነት ለእኛ ከሌሎች ይልቅ ያስፈልገናል። በምዕራቡ ዓለም ዳሌያቸውን የሚያስለውጡት አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ በአፍሪቃ አገሮች ግን የጭን አጥንታቸው ራስ ደም አጥቶ በመሞቱ፥ ወይም በቆየ ስብራት፥ ወይም በልጅነት ባገኛቸው የዳሌ በሽታ ምክንያት መገጣጠሚያቸው የተበላ ብዙ ጎልማሶች ይገኛሉ። (አጥንቱ ደም ከሚያጣባቸው ምክንያቶች አንዱ ስቴሮይድን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ነውና፥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለቁርጥማት ተብሎ የሚሸጠውን ኪኒን ያስቧል።)

አደጋውስ? ከመቶ ሰው በአንድ ገደማ ላይ የተተከለው ዳሌ ያመረቅዛል፤ በሁለት ያህል ላይ ኳሱ ከቦታው ይወጣል፤ በእግር ሥር ደም መርጋት፥ የእግር ርዝመት መበላለጥ፥ አልፎ አልፎም የነርቭ መጎዳት ያጋጥማል። በእንግሊዝና በዌልስ በ2011 ኦፕራሲዮን ከተደረገላቸው ሺህ ሰዎች ሦስት ያህሉ በዘጠና ቀን ውስጥ ሞተዋል። እነዚህ ቁጥሮች የባለጸጋ አገሮች መሆናቸው አይዘንጋ፤ እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን ቆጥሮ ቢነግር የተሻለ ነው።

«ከመቶ አንድ» የሚለው ንግግር ግን ቁጥር ላልተማረ ሰው ምን ይነግረዋል? እኛ አንድ ነገር ሞክረናል። መቶ ባቄላ ቆጥረን በሰፌድ ላይ አፈሰስን። እያንዳንዷ ባቄላ እንደ እናቲቱ ያለች አንዲት ሰው ናት አልን፤ አንዷን ለይተን ይህቺ ያመረቀዘባት ናት፥ እነዚህ ሁለቱ ኳሱ የወጣባቸው ናቸው፥ የቀሩት ምንም አልሆኑም አልናቸው። ቀጥለንም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ዳሌያቸው የተቀየረባቸውን አሥራ አንዱን አነሣን። ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ስበው እንደ ገና ቆጠሩት። «አደጋው አነስተኛ ነው» ከሚለው ቃል ይልቅ ይህ ይገባል፤ አነስተኛ ማለት ለሐኪሙ አንድ፥ ለሕመምተኛው ሌላ ነውና።

ኦፕራሲዮኑን ከእንቅስቃሴ ሕክምና ጋር ጎን ለጎን ያነጻጸረ ጥናት ለብዙ ዘመን አልነበረም። በ2024 ከዴንማርክ የወጣው ጥናት ዕድሜያቸው ከኀምሳ ዓመት በላይ የሆኑ፥ በሽታው የጸናባቸው 109 ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ ለ53ቱ ዳሌ መለወጥን፥ ለ56ቱ ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድን መደበላቸው። ከስድስት ወር በኋላ ከ48 ነጥብ በሚለካው መለኪያ የመጀመሪያዎቹ በአማካይ 15.9፥ ሁለተኞቹ 4.5 ተሻሻሉ። ስለዚህ በሽታው ለጸናበት ሰው ኦፕራሲዮኑ በግልጽ ይበልጣል፤ ይህን አለመናገር ሕመምተኛውን ማታለል ነው። በዚያው ጥናት ግን ልምምድ ከደረሳቸው 56 ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ኦፕራሲዮን ያስደረጉት 12 ብቻ ናቸው። የቀሩት ቢያንስ እስከዚያ ጊዜ ድረስ መቆየት ችለዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም ይነገር።

ስለ ስግደቱ ጥያቄ የውጭ አገር መጻሕፍት ብዙ አይረዱንም። እነርሱ የሚጽፉት ስለ ወንበር፥ ስለ አውቶሞቢልና ስለ ጎልፍ ነው። ብዙ ሐኪሞች በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዳሌ ከዘጠና ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ፥ እግርም እንዳይጠላለፍ ያዛሉ፤ ኳሱ ከቦታው እንዳይወጣ ነው። በበርጩማ ተቀምጦ ቡና ለሚያፈላ፥ ቁጢጥ ብሎ ለሚጸዳዳ፥ በጸሎት ለሚሰግድ ክርስቲያንም ሆነ እስላም ይህ ትእዛዝ የኑሮ ለውጥ ነው። ከፍ ያለ ወንበር በቤቱ አለ? መጸዳጃውስ? ቁስሉ ቢያመረቅዝ ከሆስፒታሉ የስንት ሰዓት መንገድ ይርቃል? ዕቃው ከውጭ አገር የሚመጣ ነውና ወጪው በሬ አሽጦ ነው የሚከፈለው? እነዚህ ሳይጠየቁ የተወሰነ ውሳኔ ሰውየው ወደ ቤቱ ሲገባ ይፈርሳል።

በሌሎች አገሮች ለሕመምተኛ ምርጫዎቹን ዘርዝሮ የሚያሳይ የውሳኔ መርጃ የሚባል መጽሐፍ ወይም ፊልም ይሰጣል። በአሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት አንድ የጤና ድርጅት እንዲህ ያለውን መርጃ ካደለ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ የዳሌ ለውጥ በመቶ 26 መቀነሱ በ2012 ታትሟል። ይህን አንብቦ መርጃው ኦፕራሲዮን ማስቀሪያ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። በካናዳ በ2000 በታተመው ጥናት የዳሌ ወይም የጉልበት ለውጥ እያስፈለጋቸው ሳያገኙ የቀሩት ሴቶች በመጠን ከወንዶቹ ከሦስት እጥፍ በላይ ነበሩ። እንዲህ ያሉት ሰዎች ቢነገራቸውና ቢጠየቁ ኦፕራሲዮኑ ይጨምር ይሆናል። የሚፈለገው የሚፈልገው እንዲያገኝ፥ የማይፈልገውም እንዲቀር ነው። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2015 በፈረደው ፍርድ፥ ሐኪም ሊነግር የሚገባው ባልደረቦቹ ይበቃል የሚሉትን ሳይሆን በዚያ ሕመምተኛ ቦታ ያለ ሰው ሊያውቀው የሚፈልገውን አደጋ ነው ብሏል።

ቤተ ዘመድ በውሳኔው መኖሩን አንቃወምም፤ በአገራችን ብቻውን የሚታከም ሰው የለም። ስሕተቱ ልጁ መስማቱ ሳይሆን እናቲቱ አለመስማታቸው ነው። ገብቷቸው እንደ ሆነ ለማወቅም «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ለትልቅ ሰው ክብር ሲባል ሁሉም «አዎን» ይላል። «ቤትዎ ሲደርሱ ለጎረቤትዎ እንዴት አድርገው ያስረዷቸዋል?» ቢባሉ ግን ያልገባው ነገር ወዲያው ይታወቃል።

የነገርናቸውን ሁሉ ለአስታማሚዋ ነርስ ገለጽን፤ እርስዋም ሐኪሙን መልሳ ጠራችው። ሐኪሙ ሳይቆጣ በአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል አነጋገራቸው፤ ቆሞ መጸለይ እንደሚችሉ፥ በግንባር መሬት መንካት ግን እንደሚያሠጋቸው ነገራቸው። እናቲቱ የሰሙትን ለልጃቸው ከእኛ አሳጥረው ደገሙለት። ከዚያም፥ «እንግዲያው ከሑዳዴ በኋላ እመጣለሁ፤ የዘንድሮን ጾም ሰግጄ ልጨርስ» አሉ። በማግሥቱ በበሩ ሲወጡ አየናቸው፤ ምርኩዙን በግራ እጃቸው ይዘው ነበር።